በጥቁር ፍሬም የሚከፈቱ ፎቶዎች

ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በቁጥር ከሚጠሩት ጎዳናዎች በአንዱ ላይ የፎቶና የጽሕፈት ሱቅ ነበረን። “ነበረን” የምለው ከልማድ ነው፤ ሱቁ የጋሼ ነበር፣ እኔ ተቀጣሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ከገባ በኋላ በሩ ይኑር አይኑር የነገረኝ ሰው የለም። የምጽፈው ነገር የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአቧራው ወራት ነው።

ጋሼ ካርቱም ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ሲቆጡም ሲደሰቱም “ወላሂ” ይላሉ። እኔ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሌላ ሥራ አጥቼ ነው እሳቸው ዘንድ የገባሁት። ሥራውን ወደድኩት፤ ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር አይጠይቅም። ደንበኛው ነጩ ጨርቅ ፊት በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ወንድ ከሆነ ከግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለውን የሱቁን ጃኬት ይለብሳል፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ያንኑ አንድ ጃኬት ነው የሚለብሰው። እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ አድርጌ “ቀና ይበሉ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ” እላለሁ። ሌላው የላፕቶፑ ሥራ ነው።

ስለዚያ ሱቅ አንድ ነገር ቀድሜ ማስረዳት አለብኝ። ሞት ከቤተሰቡ በፊት የሚደርሰው እኛ ጋ ነበር። ከእኛ ሰው አንዱ በመንገድ ወይም በሆስፒታል ሲሞት ለዘመዱ ወዲያው አይነገርም። የእድሩ ሽማግሌዎች ይመክሩና ቀን ይቆርጣሉ። ካርቱም ውስጥ ሥራ የሚዘጋው አርብ ስለሆነ መርዶ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ አርብ ማለዳ ነው። ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሟቹን ፎቶ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። እኛ ፎቶውን ጥቁር ፍሬም ውስጥ እናስገባዋለን፤ ከላይ መስቀል፣ ከታች የበራ ሻማ፣ ከሻማው ሥር ስሙና ዕድሜው። ለቅሶው ሲጀመር ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ይህ ነው። እስከ አርብ ድረስ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ፣ ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ስለሱ እርስ በርሳችን እንኳ አንነጋገርም። ጋሼ ሲቀጥሩኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ “ዝም ማለት ትችያለሽ?” ብለው ነበር። ያለ ጭንቀት የምችለው ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ወዲያው “አዎ” አልኩ።

በዚያ ሰሞን ላፕቶፑ እየዘገየ አስቸገረን። ጋሼ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዱትና አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስጫኑበት። ሲመለስ የጠፋ ነገር አልነበረም። ፎልደሮቹ አሉ፣ የስክሪኑ ሥዕል ያው ነው፣ ማመልከቻዎቹም ፎቶዎቹም በየቦታቸው ናቸው። ግን ማንኛውንም ፋይል ስነካው የሚከፈተው እኔ በማላውቀው ፕሮግራም ነው። ደብዳቤው በሌላ፣ ስካን የተደረገው ወረቀት በሌላ። እኔ በሌለሁበት አንድ ሰው ክፍሌ ገብቶ፣ ምንም ሳይሰርቅ፣ ዕቃዎቼን በአንድ ጣት ያህል ከቦታቸው አንቀሳቅሶ የወጣ ዓይነት ስሜት ነበረው።

ከሁሉ የባሰው ፎቶው ነበር። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃትና ለሐዘን የምንጠቀምበት የፍሬም ፕሮግራም አለን። ያ ፕሮግራም መጨረሻ የተሠራበትን ፍሬም ያስታውሳል፤ መጨረሻ የሠራንበት ደግሞ የአንድ ሽማግሌ የሐዘን ፎቶ ነበር። አዲሱ ሲስተም ፎቶ ሁሉ በዚህ ፕሮግራም እንዲከፈት አድርጎ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ለመኖሪያ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ ያነሣሁትን ወጣት “ይመልከቱት” ብዬ ስከፍትለት፣ ራሱን በሻማና በመስቀል መሀል አየው።

“ኧረ ምነው ቸኮላችሁ!” አለ። “ገና ምሳ አልበላሁም።”

ጋሼ ከጀርባ ሳቁ። “ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ ሰዉን ሁሉ ልትቀብሪው ነው እንዴ? ኸላስ፣ በቃ፣ አስተካክይው።”

እኔ አልሳቅኩም። ልጁ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ ማስተካከያውን ፈለግሁ። ብዙ ፈጀብኝ፤ ድሮ የማውቀው ቦታ ላይ አልነበረም። በመጨረሻ ረጅም ዝርዝር ያለበት ገጽ አገኘሁ። በግራ የፋይሉ ዓይነት፣ በቀኝ ያንን ዓይነት የሚከፍተው ፕሮግራም። ወደ ታች እየወረድኩ ጄፒጂ የሚለው ጋ ደረስኩ፤ እኔ የማነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ በዚህ ዓይነት ነው የሚቀመጡት። አጠገቡ የፍሬም ፕሮግራሙ ተቀምጧል። እሱን አንሥቼ የድሮውን የፎቶ ማሳያ ተካሁበት። ከዚያ ከራሴ ፎልደር ሃያ ያህል ፎቶ ከፈትኩ። ሁሉም ያለ ፍሬም፣ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ዝርዝሩ ከዚያ በታች ይቀጥል ነበር። እኔ ግን የማውቀውን ስላገኘሁ አቆምኩ።

“ተስተካክሏል” አልኩ።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ።”

ይህን ያልኩት ማክሰኞ ነው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሱቃችን ጀርባ ካለ ቪላ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው። ታናሽ ወንድሟ ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ሊቢያ ወጥቷል። ሰማዩ በደቡብ በኩል ቀልቶ ነበር፤ ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ግድግዳ፣ እየመጣ ነበርና መንገዱ ላይ ሰው ይሮጥ ነበር። እሷ አልሮጠችም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ገባች።

“ደህና ዋላችሁ። ጋሼ፣ ወንድሜ ከመሄዱ በፊት እዚህ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። ይኖራችኋል?”

“ምን ሊጠፋ! ሰው ይረሳል እንጂ ኮምፒዩተር አይረሳም።”

“ከደወለ አምስት ሳምንት ሆነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወደዚያ ይሄዳል፤ ፎቶውን ስጪኝና እያሳየሁ ልጠይቅልሽ ብሎኛል። አራት አውጡልኝ።”

“ይደውላል ኢንሻአላህ። ኔትወርክ ነው” አሉ ጋሼ።

“ሁሉም ሰው ኔትወርክ ነው ይለኛል” አለች። ወደ እኔ ዞራ ፈገግ ልትል ሞከረች። “ሰሞኑን ደግሞ የአገሬ ሰው ሲያየኝ መንገድ የሚቀይር ይመስለኛል። ገላዬ ሸተተ እንዴ እላለሁ።”

እኔ አንገቴን ደፍቼ የድሮውን ፎልደር ከፈትኩ። ከእኔ በፊት ሱቁ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ልጅ ያነሣቻቸው ፎቶዎች ያሉበት ነው። እሷ ሥራ ለቅቃ ወደ ጁባ ሄዳለች። ፎልደሩ ምስል አያሳይም፤ ስም ብቻ ከላይ እስከ ታች ይደረድራል። የወንድሟን ስም አገኘሁትና ሁለት ጊዜ ነካሁት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ መስቀሉ፣ ከዚያ ሻማው፣ ከዚያ መሀል ላይ የሱቁን ጃኬት የለበሰ፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ ወጣት መጣ።

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ዘጋሁት። ሦስት ሴኮንድ ያህል ቢቆይ ነው። ግን እሷ ከእኔ ጎን፣ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ሁላችንም አይተነዋል።

ማክሰኞ ለት “ተስተካክሏል” ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማሽኑ ተሳሳተ የሚለው ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ይህ ነው፦ ሽማግሌዎቹ እኔ በሌለሁበት መጥተዋል፣ ጋሼ ፎቶውን ፍሬም ውስጥ አስገብተው አስቀምጠዋል፣ ሊነግሩኝ ረስተዋል። ጋሼ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ፣ እሳቸው ገበያ ወጥተው ሳለ ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ለእኔ እንዳደረሱ አስበዋል። ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። በደንባችን መሠረት ሁለታችንም ዝም አልን።

“ለምን ዘጋሽው?” አለችኝ። የምታየው ስክሪኑን አልነበረም፤ እጄን ነበር።

እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሣሁ።

“ፋይሉ ተበላሽቷል” አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ለስላሳ ሆነ፤ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። “አዲስ ሲስተም አስገብተን ነው። ቅዳሜ ነይ እህቴ፣ አዘጋጅተን እንጠብቅሻለን።”

“ቅዳሜ?”

“ቅዳሜ።”

“ከአርብ በኋላ ማለት ነው።”

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፣ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር እንደተነገራት ሰው።

“እሺ። ቤቱን ልጥረግ እንግዲህ” አለችና ወጣች።

አላለቀሰችም። መርዶ ሳይነገር አይለቀስም። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት አቧራው መንገዱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ወደ ውስጡ ገባችና ጠፋች።

ሀቡቡ ሱቁን ሲውጠው መብራት ተቋረጠ። ላፕቶፑ ባትሪው አርጅቶ ስለነበር ወዲያው ጠፋ። በቀትር ሁሉም ነገር ብርቱካንማ፣ ቀጥሎም ቡናማ ሆነ። በሩን ዘግተን፣ እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ ወትፈን፣ ጋሼና እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥን። አቧራው መስኮቱን በጥፍር እንደሚቧጥጥ ነገር ድምፅ ያሰማ ነበር።

“ጋሼ…” አልኩ።

“ተይ። ነገ ነው” አሉኝ።

“ነገ ነው” ማለታቸው ለእኔ ማረጋገጫ ሆነኝ። የእኔ ማቀርቀር ለእሳቸው ማረጋገጫ ሆናቸው።

አርብ ጠዋት ጋሼ ከሐጅ ዩሱፍ ደወሉልኝ። ከኋላቸው የሴቶች ጩኸት ይሰማ ነበር።

“ሰው ሞልቷል። ፎቶውን አውጥተሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ ግድግዳው ባዶ ነው።”

ሱቁ ከምተኛበት ክፍል ሩቅ አይደለም። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ መኪናዎቹም ዛፎቹም የቤቶቹ ደረጃም አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰዋል። ጥጉ ላይ ሻይ የምትሸጠው የአገሬ ልጅ ብቻ ብርጭቆዎቿን ታጥብ ነበር። “እግዜር ያጥናሽ፤ ሰምቻለሁ” አለችኝ። አመስግኛት ገባሁ።

የወንድሟን ፎቶ ከፈትኩ። መስቀሉ፣ ሻማው፣ ጃኬቱ። ለማተም ስል ስሙን ለማየት ወደ ሻማው ሥር ወረድኩ። ስም አልነበረም። ከማንም ስም በፊት ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስቀምጠው ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው፤ “የሟች ስም” ይላል፣ ከጎኑ ነጠብጣብ። ጋሼ ስም ሳይጽፉ ፎቶ አያስቀምጡም። ምናልባት የተሟላው ሌላ ቦታ ይሆናል ብዬ ከዝርዝሩ ቀጥሎ ያለውን ፋይል ነካሁ።

አንዲት ልጃገረድ በጥቁር ፍሬም ውስጥ መጣች። “የሟች ስም” ይላል ከሥሯ።

ቀጥሎ ያለውን ከፈትኩ። ጢሙን የተላጨ ሰውዬ፣ ሻማ። ቀጥሎ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን በእናቱ እጅ ተደግፎ፣ ሻማ። ቀጥሎ፣ ሁለት መንትያ ልጆች። ፈጠንኩ። ሃያ፣ ሠላሳ ፊት ከፈትኩ፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ እኔ ያያሉ፣ ሁሉም በመስቀሉ ሥር። ከእኔ መምጣት በፊት በዚያ ሱቅ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሞተ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነበር የኖርኩት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሻይ ሻጯ መጣች። በስክሪኑ ላይ። ጸጉሯ አጠር ብሎ፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ሻማው በርቶላት።

አሁን ስጽፈው ቂልነት ይመስላል፤ ያኔ ግን ለአንድ አፍታ የተጠራጠርኩት ስክሪኑን አልነበረም። ከደጅ ሰላም ያለችኝን ነበር። ተነሥቼ በሩን በትንሹ ከፍቼ አየሁ። ብርጭቆዎቿን እያደረቀች ነበር። አንዱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ንጽሕናውን ትመረምራለች።

ተመልሼ ስቀመጥ ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ጋሼ ነበሩ። ያው የግድግዳው ጃኬት፣ ያው አፍንጫ፣ በጥቁር ፍሬም ውስጥ። በዚያችው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ሻማው በስክሪኑ ላይ እንደበራላቸው፣ በጆሮዬ “ያ ቢንት፣ የት ደረስሽ? ያላ!” አሉኝ።

የሆነ ነገር መለስኩላቸው፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ ማክሰኞ ያገኘሁትን ዝርዝር ከፈትኩ። ጄፒጂ የሚለው እኔ እንዳስተካከልኩት ነው። ማክሰኞ ካቆምኩበት በታች ወረድኩ። ፒኤንጂ የሚባለው ዓይነት ጋ የፍሬም ፕሮግራሙ ተቀምጧል። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ፎቶዎቿን በሙሉ በዚህ ዓይነት ነበር የምታስቀምጠው። እኔ የሞከርኩት የራሴን ሥራ ብቻ ነው። የሷን አንድም አልከፈትኩም ነበር።

ጣቴ ማስተካከያው ላይ ደርሶ ቆመ። ካስተካከልኩት የማሳየው ነገር አይኖረኝም። “ፎቶው ንጹሕ ነው” ብዬ ብቀርብ “አዝና ፍሬሙን አጥፍታው ነው” ይሉኛል። ስለዚህ ምንም ሳልነካ ላፕቶፑን ከነገመዱ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ሐጅ ዩሱፍ ስደርስ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ያዝኩ። የምትኖረው ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚጋራበት ሆሽ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ሸራ ተወጥሮ ወንዶቹ ተውሰው ባመጧቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ከውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ድምፅ ሳታወጣ ወደፊትና ወደኋላ ትላለች።

ጋሼ ጋ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በሹክሹክታ፣ በተቆራረጠ ቃል።

“ምንድነው የምትይው?” አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ።

ከዚያ በፊት ከሦስት ሰው በላይ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ “ፎቶውን… ፍሬም ውስጥ ያስገባው ሰው የለም። ማሽኑ ነው። እኔ ነኝ፤ ሳላስተካክለው” አልኩ።

የእድሩ ሰብሳቢ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ። “ቆይ፣ ልጄ። ይህችን ልጅ ማን አረዳት?”

“እናንተ አይደላችሁም እንዴ?” አሉ ጋሼ።

“እኔ? እኔ ጠዋት ሰው ተሰብስቧል ሲሉኝ ነው የመጣሁ። ሌላው አርድቷል ብዬ።”

“እኔም አባባ ናቸው ያረዱ ብዬ ነው” አለ አንዱ።

“እኔን የጠራችኝ ጎረቤቷ ናት።”

ጎረቤቷ በሩ ላይ ነበረች። “እኔማ ሐሙስ ማታ ቤት ስትጠርግ፣ ወንበር ስትዋስ አየኋት። ‘ምነው?’ ስላት፣ ‘ነገ ሰው ይመጣል’ አለችኝ። እኔም ለሰው ነገርኩ። ምን ላድርግ?”

“ታዲያ ማን አለቀሰ መጀመሪያ?”

“እሷ። ሰዎቹ ሲገቡ አየቻቸውና ጮኸች።”

ከውስጥ ያለው ለቅሶ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እሷ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“ክፈቺው” አለችኝ።

ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን በሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ሰክቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ የጋሼን ፎቶ ነካሁ። መስቀልና ሻማ ይዞ ሲመጣ አንዱ “በስመ አብ!” አለ፤ ጋሼ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። “ይኸው፣ ጋሼ አሉ። ቆመዋል” አልኩ። “የሱም እንደዚሁ ነው። የድሮዎቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚከፈቱት።”

እሷ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ታይ ነበር። “አዝነሽልኝ ነው። መንገድ ላይ ጋሼን ፍሬሙ ውስጥ አስገብተሽ መጣሽ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለእኔ ብለው ይችሉታል።”

“አይደለም…”

“የራስሽን ክፈቺ።”

የእኔም ፎቶ እዚያ ፎልደር ውስጥ ነበር። በተቀጠርኩበት ቀን ያቺ ወደ ጁባ የሄደችው ልጅ ናት ያነሣችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ፎቶ አልተነሣሁም። ጠዋት ሠላሳ ፊት ስከፍት ስሜን አይቼ ዘልዬው ነበር። ጋሼ “ይቅር፣ ይቅር፣ በቃ አመንን” አሉ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማመን የነበረባት እሷ ብቻ ናት።

ነካሁት።

ጥቁሩ ቀድሞ መጣ። ከዚያ መስቀሉ። ከዚያ እኔ፤ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ፣ ሰው ሲያየኝ እንደማደርገው ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን እያየሁ። ሻማው ከአገጬ ሥር በርቷል። “የሟች ስም” ይላል።

አንዲት እማማ ከሴቶቹ መሀል ወጥተው ነጠላቸውን ስክሪኑ ላይ ጣሉበት። “አጥፊው፣ አንቺ ልጅ! በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ይደረጋል?” አሉ።

ነጠላቸውን ቀስ ብዬ አነሣሁና ዝርዝሩን ከፈትኩ። እሷ ከትከሻዬ በላይ እያየች፣ ፒኤንጂ የሚለው ጋ ወርጄ የድሮውን ፎቶ ማሳያ ተካሁበት። ከዚያ የወንድሟን ፎቶ ነካሁ። ነጭ ጨርቅ፣ የሱቁ ጃኬት፣ ጆሮዎቹ። ሌላ ምንም የለም። ሳቁን አፍኖ ነበር የተነሣው፤ በፍሬሙ ውስጥ ይህ አይታይም ነበር።

ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። “አባባ፣ እርስዎ አረዱኝ?”

“አላረዳሁሽም፣ ልጄ።”

“ከዚህ ያለ ያረዳኝ ሰው አለ?”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ነጠላ ፈታች። እጥፉን አራግፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። “እንግዲያው አልተረዳሁም” አለች። “ወንበሮቹን መልሱልኝ፤ የሰው ናቸው።”

ይህ ማለት ወንድሟ አለ ማለት አልነበረም። እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቅ ነበር። አምስት ሳምንቱ እንዳለ ነበር።

ከዚያ አርብ በኋላ የአገሬ ሰዎች ሰላምታ ረዘመብኝ። “ደህና ነሽ?” ይሉኛል፤ “ደህና” ካልኩም በኋላ ቆመው ፊቴን ያያሉ። “ራስ ምታት ምናምን የለም? ምግብ ትበያለሽ?” አንዲት ደንበኛ መንገድ ስሻገር እጄን ያዘችኝ። ሻይ ሻጯ ጠዋት መምጣቴን ሳታረጋግጥ አትውልም። ጋሼ ከሱቁ ቀደም ብዬ እንድወጣ ያደርጉኝ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ አይናገሩም። እኔም ራሴን መከታተል ጀመርኩ። ደረጃ ስወርድ ግድግዳውን እይዝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ብቻዬን ሳለሁ እሷ መጣች። አልገባችም። የበሩ ደፍ ላይ ቆማ፣ ላፕቶፑ ወደማይታይበት ጎን ሆና ጠራችኝ። ስለ ወንድሟ ልጠይቃት ፈራሁ። ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች።

“ጸበል ነው። ጠጪ።”

“ለእኔ?”

“ላንቺ ነው። እሱን ከዚያ ጥቁር ፍሬም አውጥተሽ አንቺ ገባሽ። ሰው ሁሉ አይቷል።”

“እሱ እኮ ሴቲንግ ነው…”

“ሴቲንጉን አውቃለሁ፤ አሳይተሽኛል” አለች። “ጠጪ።”

ፊቷን አየሁ። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ጠርሙሱን ተቀበልኩ። ውሃው መንገዱ ላይ ሞቆ ነበር፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ግማሹን ጠጥቼ ልመልስላት ስል እጇን አልዘረጋችም። ቆማ ጠበቀች። መጨረሻዋን ጠብታ እስክጨርስ ዓይኗን ከጉሮሮዬ ላይ አላነሣችም። ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ወሰደች፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው፣ ነጠላዋ ሥር ከተተችው።

“ደወለ” አለችኝ። “ትናንት ከሰዓት። ድምፁ ቀጥኗል፤ ግን እሱ ነው።”